አቶ ይድነቃቸው ተሰማና ከጂቡቲ ጋር የተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ

የጂቡቲን ከተማ ነጋዴው በወደቧ፣ የጉምሩክ ሹሙ በመጋዘኗ፣ መንገደኛው በባቡር ጣቢያዋ ያውቃታል። ፈረንሳዮች በ1880 ዓ. ም. (በአውሮጳ 1888) ከቆረቈሯት ወዲህ የኢትዮጵያ ቡናና ቆዳ በእርሷ በኩል ሲወጣ፣ የባሕር ማዶ ጨርቃ ጨርቅና ብረታ ብረት በእርሷ በኩል ሲገባ ኖሯል። የምድር ባቡሩም ሐዲድ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ፣ ሁለቱ ከተሞች በ784 ኪሎ ሜትር ብረት ተሳሰሩ። ይህ ሁሉ በንግድ መዝገብ ተጽፎ የሚገኝ ነው። ነገር ግን ጂቡቲና አዲስ አበባ የሚካፈሉት አንድ ሌላ መዝገብ አለ፤ እርሱም የእግር ኳስ መዝገብ ነው።

የኢትዮጵያን ብሔራዊ ቡድን የጨዋታ ዝርዝር የሚከፍት ሰው በመጀመሪያው መስመር ላይ ኅዳር 25 ቀን 1940 ዓ. ም. (በአውሮጳ ዲሴምበር 5 ቀን 1947) የሚል ያገኛል። በዚያ ቀን የኢትዮጵያ ቡድን በአገሩ ሜዳ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍን ቡድን ገጥሞ 5 ለ 0 ረታ። የጂቡቲን ብሔራዊ ቡድን ዝርዝር የሚከፍትም ሰው የሚያገኘው ይህንኑ መስመር ነው። ለአንደኛው የድል መጀመሪያ የሆነው ለሁለተኛው የሽንፈት መጀመሪያ ሆነ፤ ለሁለቱም ግን የልደት ቀን ነው። ልዩነቱ፣ አንደኛው ወገን በራሱ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ሲሰለፍ ሁለተኛው በባዕድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር መሰለፉ ነበር። ማን በራሱ ስም ተጫውቶ በራሱ ስም ሊቈጠር ይገባዋል የሚለው ነገር በኋላ ዘመን የአፍሪካን ኳስ ብዙ ያከራከረ ሲሆን፣ በክርክሩ መካከል ጸንተው ከቆሙት ሰዎች አንደኛው በዚያ ዘመን ስመ ጥር ተጫዋች የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

የአንድን ተጫዋች ዘመን በአጭሩ ለማወቅ የሚሻ አሜሪካዊ አንዲት ትንሽ ካርቶን መመልከት ይበቃዋል። በዚያ አገር ቤዝቦል የሚባል በዱላ የሚመታ የኳስ ጨዋታ አለ፤ ገናን ለሚያውቅ ሰው ዱላና ሩር እንግዳ ባይሆኑበትም ሕጉ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። የሲጋራ ፋብሪካዎች በየፓኮው ውስጥ የተጫዋች ሥዕል ያለባት ካርድ እየጨመሩ መሸጥ ከጀመሩ ዘመን የለውም። በኋላ በታተሙት ካርዶች ፊት ላይ ሥዕሉ፣ በጀርባቸው ላይ ስንት ጊዜ እንደ ተጫወተና ስንት እንዳስቈጠረ ቍጥሩ ይጻፋል። ከእነዚህ ሁሉ የከበረችው ሆነስ ዋግነር የሚባለው የፒትስበርግ ተጫዋች ካርድ ናት። በአውሮጳ ቍጥር ከ1909 እስከ 1911 ከታተሙት መካከል የእርሱ ሥዕል ያለባት ጥቂት ብቻ ወጥታ ተቋረጠች፤ ሥዕሉ ለትንባሆ መሸጫ መሆኑን ስላልወደደ ነው የሚሉ አሉ፤ ዋጋ ስላልተከፈለው ነው የሚሉም አሉ። ዛሬ መኖራቸው የሚታወቀው ስልሳ እንኳ የማይሞሉ ሲሆኑ፣ አንዷ በ2022 በአውሮጳ አቈጣጠር በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። በዚህ ገንዘብ ስንት መርከብ ቡና እንደሚጫን ነጋዴው ራሱ ያስላው።

በአዲስ አበባም ሆነ በጂቡቲ እንዲህ ያለ ካርድ የማተም ልማድ አልነበረም። ስለዚህ የአቶ ይድነቃቸውን የኳስ ዘመን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከክለባቸው ታሪክና ከስፖርት መዛግብት መለቃቀም አለበት። የሚያገኘው ቍጥር ግን በየትኛውም ካርድ ጀርባ ላይ ቢጻፍ የሚያሳፍር አይደለም። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ 365 ጊዜ ተሰልፈው 318 ጎል አግብተዋል፤ ለብሔራዊው ቡድን ደግሞ 15 ጊዜ ተጫውተዋል። 365 የዓመቱ ቀን ልክ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ በየስምንቱ ጨዋታ ሰባት ጎል ያህል ማግባት ግን አጋጣሚ ሊባል አይችልም።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ. ም. በዕለተ እንቁጣጣሽ በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ይባላሉ፤ በቅኔያቸውና በጨዋታ አዋቂነታቸው ስማቸው የታወቀ ሰው ናቸው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የአውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ልከዋቸው፣ በዚያው ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ ይህም በአማርኛ ከተቀረጹት ዘፈኖች ሁሉ ቀዳሚ ከሚባሉት የሚቈጠር ነው። እንግዲህ የአባት ድምፅ በሸክላ ተቀርጾ ሲቀር፣ የልጁ የእግር ጥበብ በተመልካች ዓይን ብቻ ታይቶ ማለፉ የሚያስቈጭ ነው።

ወጣቱ ይድነቃቸው በአዲስ አበባ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ። በዚያ ዘመን እግር ኳስ በከተማዪቱ የታወቀው ይበልጡን በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ነበር፤ አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ጣልያኖች በየማኅበራቸው ይጫወቱ ነበር። በ1928 ዓ. ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ወጣቶች ጓደኞቻቸውን አስተባብረው በአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ቡድን አቋቋሙ። ይድነቃቸው ገና የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳሉ ከእነርሱ ጋር ተቀላቀሉ። ጊዜው ግን ለጨዋታ የሚመች አልነበረም፤ ጦርነቱ ተጀምሮ ነበርና፣ በዚያው ዓመት በሚያዝያ 27 ቀን የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ።

በወረራው ዘመን የሆነው ነገር በኋላ ለመጣው ሁሉ መነሻ ስለ ሆነ ጥቂት ማስፋት ይገባል። የፋሺስት መንግሥት ባወጣው የዘር ሕግ ነጭና ጥቍር በአንድ ወንበር እንዳይቀመጥ፣ በአንድ ሲኒማ እንዳያይ ሲከለከል፣ የኳሱም ሜዳ ከዚህ አላመለጠም። የአገሬው ልጅ ከአገሬው ልጅ ጋር ብቻ እንዲጫወት ሆነ። የቅዱስ ጊዮርጊስም ቡድን የራሱን ስም እንዲተው ተገድዶ ሊቶርዮ ውቤ ሰፈር ተባለ። ለአንድ የዐሥራ ስድስትና የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ጎል ማግባቱ ሳይከለከል ስሙን መከልከሉ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ በቅኝ ግዛት ትምህርት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ያለፈ ሰው ሳይነገረው ይረዳዋል። አቶ ይድነቃቸው በሸመገሉ ጊዜ ስለ ደቡብ አፍሪካ ነገር ከማንም ጋር ያልተደራደሩበት ምክንያት ከዚህ ዘመን ቢመዘዝ ስሕተት አይሆንም።

ነጻነት በ1933 ዓ. ም. ከተመለሰ በኋላ ክለቡ ስሙን መልሶ ያዘ። በ1936 ዓ. ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የኳስ ሻምፒዮና ሲደረግ የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ናቸው፤ ከኢትዮጵያውያን ወገን ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ከአርመኖች አራራት፣ ከግሪኮች ኦሎምፒያኮስ፣ ከጣልያኖች ፎርቲቱዶ፣ አምስተኛውም የእንግሊዝ የጦር ሚሲዮን ቡድን ነበር። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነጭና ጥቍር እንዳይገናኙ በተከለከለበት ከተማ አምስት ዓይነት ሕዝብ በአንድ ሜዳ መገናኘቱ ግን ከዋንጫው ይበልጥ ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው በአውሮጳ ቍጥር በ1950 ነው። ከዚያም የአስመራው ሐማሴን ቡድን በ1955ና በ1957፣ አካለ ጉዛይም በ1958 ዋንጫውን ወደ ሰሜን ይዘውት መሄዳቸውን የአስመራ ሰው አይረሳውም።

አቶ ይድነቃቸው በሜዳ ላይ ጎል እያገቡ በቢሮም ይሠሩ ነበር። ይህን ሁለት ሥራ ባንድነት መሸከም ዛሬ ላለው ተጫዋች የሚያስገርም ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሌላ ሰው አልነበረም። የስፖርቱ ጽሕፈት ቤት ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ፤ የጨዋታውንም ሕግ ወደ አማርኛ በመመለስ ደከሙ። ይህ ነገር በታሪካቸው በጥቂት ቃል ሲታለፍ ይታያል፤ ሊታለፍ ግን አይገባውም። ሕጉ በባዕድ ቋንቋ ብቻ እስከ ተጻፈ ድረስ ዳኛ መሆን የሚችለው ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ ተጫዋቹም ለምን እንደ ተቀጣ ሳያውቅ ይቀጣል። የአማርኛ የኳስ ቋንቋ ዛሬም ቢሆን ቅይጥ ነው፤ በረኛ፣ አጥቂ፣ ተከላካይ የአገር ቃል ሲሆኑ፣ ማልያና ሪጎሬ ከጣልያን፣ ጎልና ፋውል ከእንግሊዝ ተወስደዋል። ሕጉ በአማርኛ ከተጻፈ በኋላ ግን የሰፈር ልጅም ዳኛውን በሕጉ ሊከራከረው ቻለ። ለዳኞች ይህ ሁልጊዜ ደስ የሚያሰኝ እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም።

ከጂቡቲ ጋር የተደረገው የኅዳር 1940ው ጨዋታ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ከዚያ ወዲያ የብሔራዊው ቡድን ታሪክ በቍጥር ይያዝ ጀመር። አቶ ይድነቃቸው በክለባቸው እስከ 1950 ዓ. ም. ድረስ ተጫውተው ማልያቸውን ሲያወልቁ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው ነበሩ።

ማልያውን ከማውለቃቸው በፊት ግን ሌላው ሥራ ተጀምሮ ነበር። የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ. ም. (በአውሮጳ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1957) በካርቱም የግብጽ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ መልእክተኞች ተሰብስበው የአፍሪካን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሠረቱ፤ አቶ ይድነቃቸውም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። የአህጉሩ የመጀመሪያ የዋንጫ ውድድር በዚያው ሳምንት እንዲደረግ ተወሰነ። ደቡብ አፍሪካ ግን ቡድኗን ወይ ነጮች ብቻ ወይ ጥቍሮች ብቻ አድርጋ ለመላክ እንጂ ቀላቅላ ለመላክ ፈቃደኛ አልሆነችም። ሌሎቹ ሦስቱ አገሮች ይህን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ወጣች። ዕጣው ኢትዮጵያን ከደቡብ አፍሪካ ጋር አገናኝቷት ስለ ነበር፣ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በመሠረት ነገር ጸንቶ መቆም ሁልጊዜ ዋንጫ እንደማያመጣ ከዚህ ይታያል።

በዚያ ጉባኤ ላይ የተቀመጡት አራት አገሮች ብቻ መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል። የቀረው አፍሪካ አብዛኛው በባዕድ እጅ ነበር። ጂቡቲም እንደዚሁ ነበረች፤ ኳስ ነበራት፣ ተጫዋች ነበራት፣ ከዐሥር ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ ጋር ተጫውታለች፤ በጉባኤው ላይ ግን ወንበር አልነበራትም፤ ወንበር የሚሰጠው ነጻ መንግሥት ላለው ነበርና። ደቡብ አፍሪካ በአንጻሩ መንግሥትም ወንበርም ነበራት፤ የራሷን ሕዝብ አብዛኛውን ክፍል ግን ማልያዋን አታለብሰውም ነበር። አንደኛዋ ሕዝብ ኖሯት ወንበር ያጣች፣ ሁለተኛዋ ወንበር ኖሯት ሕዝቧን የካደች ነበሩ። የአቶ ይድነቃቸው የሠላሳ ዓመት ክርክር በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ሚዛን ለማቃናት ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም።

በ1954 ዓ. ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲደረግ አቶ ይድነቃቸው የኢትዮጵያ ቡድን አሠልጣኝ ነበሩ። ቡድኑ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ካሸነፈ በኋላ፣ ጥር 13 ቀን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ካምቦሎጆ ከተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ማለት ከግብጽ ጋር ለፍጻሜ ተገናኘ። ግብጾች ሁለት ጊዜ መሩ፤ ኢትዮጵያም ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች፤ ሁለተኛይቱን ያገባው መደበኛው ጊዜ ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው የቡድኑ አለቃ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። በተጨመረው ሰዓት የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመሩና ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ። ሉቻኖና ኢታሎ የአስመራ ልጆች ናቸው፤ ዋንጫውንም ሉቻኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ከአምስት ዓመት በፊት በካርቱም 4 ለ 0 የረታቻቸውን አገር ረትተው ማየት ለአቶ ይድነቃቸው የኳስ ሕይወታቸው ከፍተኛው ቀን ሳይሆን አይቀርም። ኢትዮጵያ ያን ዋንጫ ከዚያ ወዲያ ደግማ አልወሰደችም።

ከዚህ በኋላ ሥራቸው ከሜዳ ወደ ጉባኤ አለፈ። በ1956 ዓ. ም. የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ለ1966ቱ (በአውሮጳ) የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሽንያ በጠቅላላው አንድ ቦታ ብቻ መደበ። ይህም ማለት የሦስት አህጉር አሸናፊዎች እርስ በርሳቸው ተጋጥመው አንድ ብቻ ወደ እንግሊዝ አገር ሊሄድ ነው። የጋናው ኦሄኔ ጃንና አቶ ይድነቃቸው ይህን ከተቃወሙት ግንባር ቀደም ሆነው፣ የአፍሪካ አገሮች በሙሉ ከውድድሩ እንዲቀሩ አደረጉ። ብዙ ሰዎች ይህን እንደ ኩርፊያ ቈጠሩት። ነገር ግን በሚቀጥለው በ1970ው የዓለም ዋንጫ አፍሪካ የራሷ የሆነ አንድ ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ወደ ሜክሲኮ ሄደች። በ1982 ቦታው ሁለት ሆነ፤ በዚያ ዓመት አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ማሸነፏን የማያውቅ የለም። ንግድ የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር አሳምሮ ይረዳዋል፤ ገበያ ለመግባት አንዳንድ ጊዜ ከገበያው መቅረት ያስፈልጋልና።

በ1964 ዓ. ም. የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ከአንድ ዓመት በፊትም የዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነው ነበር። ሁለቱንም ሹመት እስከ ዕለተ ሞታቸው ያዙ። የዓለም ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ ደቡብ አፍሪካ ወደ ማኅበሩ እንድትመለስ ይደግፉ ነበር። በ1966 ዓ. ም. በተደረገው ምርጫ የአፍሪካ ድምፅ ለብራዚሉ ዡዋው አቬላንዥ በማዘንበሉ ሰር ስታንሊ ተሸነፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሞንትሪያል ጉባኤ ደቡብ አፍሪካ ከዓለም ፌዴሬሽን ተባረረች። በዚህ መካከል በኢትዮጵያ ዙፋኑ ወድቆ ደርግ ሥልጣን ይዞ ነበር፤ አቶ ይድነቃቸው ግን መንግሥት ሲለወጥ በአህጉሩ ላይ የነበራቸው መንበር አልተለወጠም። እንዲህ ያለ ዕድል በዚያ ዘመን ለጥቂት ባለሥልጣን ብቻ የደረሰ ነው።

ሁሉም አሳባቸው ግን አልተፈጸመላቸውም። ምርጥ የአፍሪካ ተጫዋቾች በገንዘብ ወደ አውሮጳ ክለቦች መሄዳቸውን አጥብቀው ይነቅፉ ነበር፤ ልጆቿ በአገራቸው ቢቀሩ አፍሪካ አንድ ቀን በዓለም ላይ የበላይ ልትሆን ትችላለች ብለው ያምኑ ነበርና። ንግድም በጨዋታው ላይ እንዲሠለጥን አይወዱም ነበር። በዚህ ነገር ጊዜው በእርሳቸው ላይ ፈረደ፤ ዛሬ ከአህጉሩ ታላላቅ ተጫዋቾች አብዛኞቹ የሚጫወቱት በባሕር ማዶ ነው። ተቃውሟቸው ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ይከራከራል፤ የተጫዋቹን ቤተ ሰብ ለጠየቀ መልሱ ሌላ፣ የአገሩን ክለብ ሂሳብ ያዥ ለጠየቀ መልሱ ሌላ ነው። አንድ ነገር ግን እርግጥ ነው፤ 318 ጎል ያገቡት ሰው በደመወዝ አልነበረም ያገቧቸው።

ጂቡቲ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ. ም. (በአውሮጳ ጁን 27 ቀን 1977) ነጻ መንግሥት ሆነች። በአውሮጳ ቍጥር በ1979 የራሷን የእግር ኳስ ፌዴሬሽን አቋቋመች። ወደ ዓለም ማኅበር ለመግባት ግን ገና ዐሥራ አምስት ዓመት ይቀራት ነበር። አቶ ይድነቃቸው ያን ቀን አላዩም። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ. ም. (በአውሮጳ ኦገስት 19 ቀን 1987)፣ ልጆች በየደጁ ሆያ ሆዬ በሚሉበት በቡሄ ቀን ዐረፉ፤ ዕድሜያቸው ስልሳ ስድስት ሊሞላ የአንድ ወር ጊዜ እንኳ አልቀረውም ነበር። በሚቀጥለው የአውሮጳ ዓመት የካሜሩኑ ኢሳ ሐያቱ በመንበራቸው ተተኩ።

ጂቡቲ በ1994 በአውሮጳ አቈጣጠር የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን አባል ሆና ተመዘገበች። በከተማዪቱም በኤል ሐጅ ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን ስም የተሠራው ስታዲየም የአገሩ ቡድን ሜዳ ሆኖ ነበር። ኅዳር 6 ቀን 2000 ዓ. ም. (በአውሮጳ ኖቬምበር 16 ቀን 2007) የጂቡቲ ቡድን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከሶማሊያ ጋር በዚያው ተጋጥሞ 1 ለ 0 አሸነፈ። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ 5 ለ 0 ከተሸነፈ ስልሳ ዓመት ሊሞላ የቀረው ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ብቻ ነበር።